በጠርሙሱ ውስጥ የቀረው

«አንድ ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው?» አሉ ጋሼ ገብረ መድኅን።

«አሥራ ሰባት፣» አለች ዋሪቱ። በቡና አገር ያደገ ልጅ ይህን ለመመለስ አያስብም፤ ዛሬ ግን የሚመዘነው ቡና አልነበረም። ትንሹ ወንድሟ ጎንፋ ነበር።

መቱ ከተማ ባለው ክሊኒክ የመድኃኒት ክፍል ውስጥ ነበሩ። ጋሼ ገብረ መድኅን እዚያ መድኃኒት የሚያድሉ ሰው ሲሆኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስምንተኛ ክፍል ለመረጧቸው ጥቂት ተማሪዎች የመድኃኒት ሂሳብ ያስተምራሉ። ፈተናውን የሚያልፉት ጅማ ሄደው ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ለመሆን ይሠለጥናሉ። ግራምን ወደ ሚሊግራም፣ ማንኪያን ወደ ሲሲ መመንዘር ለዋሪቱ ጨዋታ ነበር። ጓደኛዋ ወርቅውሃ እየተጨነቀች ጣቷን ስትቆጥር እሷ መልሱን ጽፋ በመስኮት ታያለች።

ዛሬ ግን ትምህርቱ ሳይጋመስ የዋሪቱ ወላጆች ጎረቤት ሰቦቃ ከሶር ወንዝ በኩል በእግሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጎንፋን ትኩሳት ይዞታል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ እህል አልቀምስ ብሏል፤ እናትሽ መድኃኒት ይዘሽ ድረሺ ብላለች፣ አላት በኦሮምኛ።

«ልጁን ለምን ይዛችሁት አልመጣችሁም?» ሲሉ ጠየቁ ጋሼ ገብረ መድኅን።

«እናቱ ፈራች፣ ጌታዬ። አባቱ ለቡና ለቀማ ያዮ ወርዷል። እሱ እስኪመጣ ብላ ስትጠብቅ ነው።»

«ከጀመረው ቆየ?»

ሰቦቃ ባርኔጣውን በእጁ አገላበጠ። «ካለፈው ገበያ ወዲህ ነው።»

ጋሼ ገብረ መድኅን ወረቀትና እርሳስ አነሡ። ከዚያ የልጁን ክብደት ጠየቁ። ማንም አያውቅም ነበር። ዋሪቱ ድንገት ያለፈው ዓመት ቡና ሽያጭ ትዝ አላት። ነጋዴው ሲቀልድ ጎንፋን አንስቶ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦት፣ «ይኼ እንኳ ሩብ ጎደል ፈረሱላ ነው፣ አልገዛውም፣» ብሎ ሁሉንም አስቆ እንደነበር ነገረቻቸው።

«ሩብ ጎደል ፈረሱላ፣» አሉ ጋሼ። «አሥራ ሁለት ኪሎ ከምናምን። አድጓል፣ ግን ደግሞ በሽታው አክስቶታል። አሥራ ሁለት እንያዘው። ለመጀመሪያው፣ ለአንድ ኪሎ አሥር ሚሊግራም ክሎሮኪን።»

«መቶ ሃያ ሚሊግራም።»

«ሽሮፑ በአምስት ሲሲ ውስጥ ሃምሳ ሚሊግራም አለው።»

«አሥራ ሁለት ሲሲ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግማሹ፤ ስድስት።»

ጋሼ ገብረ መድኅን ራሳቸው በብጣሽ ወረቀት ሠሩት። ያው ነው። ጠርሙሱንና መስመር ያላትን ትንሽ መለኪያ ብርጭቆ ሰጧት። «ይህ መድኃኒት ወባን ይገድላል። ከልኩ ካለፈ ግን ልጅም ይገድላል። ጠብታ እንዳትጨምሪ። ነገ ካልተሻለው ተሸክማችሁ አምጡት።»

ቤት ስትደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ጎንፋ መደቡ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ዓይኖቹ ግማሽ ተከፍተዋል፤ ስትጠራው ግን አላያትም። እናቷ ኡርጌ እግሮቹን እያሸች ነበር። ዋሪቱ ብርጭቆዋን በዓይኗ ትክክል አድርጋ ይዛ፣ ጋሼ እንዳስተማሯት መድኃኒቱ መስመሩን እስኪነካ ቀስ አድርጋ አንጠባጠበች።

«ይህችን ብቻ?» አለች እናቷ።

«ልኩ ይኸው ነው፣ ሀርሜ፣ እናቴ።»

ጎንፋ ዋጠው። ትንሽ ላበው፤ እናቱም ተስፋ አደረገች። ግን ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ ተመለሰ። ሰዓቱ ደርሶ ዋሪቱ ሁለተኛውን ስትለካ እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ጨምሪለት። ጠርሙሱ ያው ሙሉ ነው።»

«አይቻልም። ይጎዳዋል።»

«ከዚህ በላይ ምን ይጎዳዋል? እዪው እንጂ!»

እናቷ እጇን ወደ ጠርሙሱ ስትዘረጋ ዋሪቱ ገፍታት ጠርሙሱን ነጠላዋ ውስጥ አቀፈችው። እናቷን እንዲህ ገፍታት አታውቅም። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ፤ ከዚያ እናቷ ተመልሳ ልጇ እግር ሥር ተቀመጠች። ዋሪቱም ስድስቱን ሲሲ ለክታ አጠጣችው።

ሊነጋ ሲል ጎንፋ ይንፈራገጥ ጀመር። ሰቦቃን ቀሰቀሱት፤ እሱ ልጁን አዝሎ እናትና ልጅ ተከትለውት ወደ መቱ ገሰገሱ። ዋሪቱ ከኋላው ስትሮጥ የወንድሟ እግር በሰቦቃ ጎን ሲወዛወዝ ታያለች። ዋናው መንገድ ሳይደርሱ ሰቦቃ እርምጃውን ቀነሰ። ከዚያ ቆመ። ፊቱን ሳያዞር፣ «ዋሪቱ፣ እናትሽን ያዣት፣» አላት።

ከቀብር በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። አባቷ አብደታ ከያዮ ደርሶ፣ የለቀማ ቅርጫቱን እንኳ ከትከሻው ሳያወርድ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቷ አላለቀሰችም። ተነሥታ ጠርሙሱን ከጓዳ አመጣችና ሴቶቹ ሁሉ እያዩ ዋሪቱ ፊት አስቀመጠችው። መድኃኒቱ ከግማሽ በላይ ነበር።

«ይኸው፣ ተርፏል፣» አለች። «ለማን ነው ያስተረፍሽው?»

ዋሪቱ እጇን ወደ ጠርሙሱ ስትዘረጋ እናቷ መልሳ ወሰደችው።

«ከእንግዲህ ያን መድኃኒት ቤት እንዳትረግጪ።»

መቱ ተመልሳ፣ ለትምህርት ካረፈችበት ከአክስቷ ቤት ወደ ክፍል መሄድ ስትጀምር፣ ሂሳቡ አብሯት ሄደ። በታሪክ ትምህርት ሰዓት ሠራችው። በአማርኛ ሰዓት ሠራችው። አሥራ ሰባት፣ ሩብ ሲቀነስ፣ ምናምኑ ሲተው፣ በአሥር ሲባዛ፣ ወደ ሲሲ ሲመነዘር። ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሲሲ ይመጣል። አንድ ቀን ከትምህርት ስትወጣ እግሯ ወደ ክሊኒኩ ወሰዳት። ከደጁ ላይ ግን ቆመች። የእናቷን ቃል አስባ ጋሼ ገብረ መድኅን እስኪወጡ ውጭ ጠበቀቻቸው።

«እንደገና ይሥሩልኝ፣» አለቻቸው።

ለምን አላሏትም። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምረው በእርጋታ ሠሩት። «ልክ ነው፣ ልጄ። አንዲት ስህተት የለውም።»

ዋሪቱ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። ስህተት እንዲገኝ ትመኝ እንደነበር የገባት አሁን ነው። ስህተት ቢኖር ኖሮ ይቅርታ የምትጠይቅበት ነገር ይኖራት ነበር።

«ታዲያ ለምን ሞተ?»

«ወባው ወደ አንጎሉ ወጥቶ ነበር። እዚያ ከደረሰ አንድ ጠርሙስም፣ አሥር ጠርሙስም አይመልሰውም። በጀመረው ዕለት ቢሆን ኖሮ...» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ተዉት። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዋሪቱ ግን ቀሪውን ሰምታዋለች።

ወርቅውሃ በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አገኘቻትና ጎኗ ተቀመጠች።

«እናትሽ አሁንም አታናግርሽም?»

«አታናግረኝም።»

«ስሚኝ ታዲያ፣ አትቆጪ። መድኃኒቱ የተበላሸ ነበር በያት። ፀሐይ መትታው ነበር፣ ጋሼ ሳያዩ ነው የሰጡኝ በያት። እሷ እንደሆነች መቱ መጥታ አትጠይቅም። ጋሼን ትረግማለች፣ አንቺን ታቅፍሻለች። በቃ።»

«ውሸት እኮ ነው፣ ወርቄ።»

«ነው። ማንን ይጎዳል ባክሽ?»

ዋሪቱ ደብተሯን ሰብስባ ተነሣች። ሰንበት ሲሆን ግን ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ትለማመድ ነበር። መድኃኒቱ የተበላሸ ነበር፣ ሀርሜ። ፀሐይ መትታው ነበር። ቃሉ ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ የእናቷ እጅ ራሷ ላይ ሲያርፍ ይታያት ነበር፤ አካሄዷም ፈጠነ።

ደጁ ስትደርስ የሕፃን ለቅሶ ሰማች። የሰቦቃ ሚስት በየነች ሴት ልጇን አቅፋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። የሕፃኗ ጉንጭ ቀልቷል፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነው፣ ትወራጫለች። ኡርጌ ጠርሙሱንና ትልቁን የወጥ ማንኪያ ለበየነች እያቀበለቻት ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ነው ያተኮሳት፣» ትላለች በየነች።

«ሁሉንም ስጫት፣» አለቻት ኡርጌ። «በእኔ የደረሰ በአንቺ አይድረስ። ሳትሰስቺ ስጫት።»

ዋሪቱ ወደ ውስጥ ገባች። እናቷ ይህን የምትለው ከክፋት አልነበረም። ለራሷ ልጅ ያልሰጠችውን ለጎረቤቷ ልጅ ልትሰጥ ነው።

ስትለማመደው የመጣችው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ተበላሽቷል ብትል በየነች ማንኪያውን ታስቀምጣለች። ሕፃኗ ትተርፋለች፣ እናቷም ቀና ብላ ታያታለች። ግን ከዚያስ? በየነች የተበላሸ መድኃኒት ወደሚሰጥ ቤት ልጅዋን ትወስዳለች? ቤቷ ትገባለች፣ ሰቦቃን ትጠብቃለች፣ ነገ ይሻላት ይሆናል ትላለች።

ዋሪቱ ጠርሙሱን ከበየነች እጅ ወሰደች።

«መድኃኒቱ ደህና ነው፣ እትዬ በየነች። ልኩ ግን የጎንፋ ነው። እሷ ገና ሕፃን ናት። መቱ ተመዝና ነው ልኳ የሚታወቀው። ይህን ማንኪያ ብትሰጫት ትገድያታለሽ።»

በየነች እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች። ኡርጌ ቀስ ብላ ተነሣች።

«ለዚህችም ልትሰስቺ ነው?»

«አልሰሰትኩም፣ ሀርሜ።»

«መድኃኒቱ ደህና ከሆነ፣ ልኩም ልክ ከሆነ፣ ወንድምሽን ለምን አላዳነውም?»

ዋሪቱ መልሱን ታውቀዋለች። አንድ ቃል ነው። ዘግይቶ ነው ብትል እሷ ነፃ ትወጣለች፤ ጋሼም ነፃ ይወጣሉ። ቃሉ ግን አየር ላይ አይቀርም። ሄዶ እናቷ ላይ ያርፋል፣ ከዚያም ማንም አያነሣላትም። ኡርጌ ከስታለች። ጣቶቿ ያለ ሥራ እርስ በርስ ይተሻሻሉ ነበር፤ የጎንፋን እግር ሲያሹ እንደነበረው።

«አላውቅም፣» አለች ዋሪቱ። «አላውቅም፣ ሀርሜ።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ዋሪቱ ወደ በየነች ዞረች። «እንሂድ። ዛሬ ሰንበት ቢሆንም ጋሼ ገብረ መድኅን ቤታቸው አሉ፣ አውቀዋለሁ። አሁኑኑ እንሂድ።»

«ሰቦቃ ሳይመጣ?»

«ሳይመጡ።»

በየነች ወደ ኡርጌ ጀርባ አየች፣ ከዚያ ወደ ልጅዋ። ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ዋሪቱ ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሕፃኗን ተቀብላ በአንቀልባ አዘለቻት። ሙቀቷ በቀሚሷ አልፎ ጀርባዋን አቃጠላት። ወጥተው ቁልቁል ወረዱ፤ ጫካው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ማንም አልጠራቸውም።

«እናትሽ ያን ቤት እንዳትረግጪ ብላሽ አልነበረም?» አለች በየነች፣ ልትደርስባት እየሮጠች።

«ብላኛለች።»

«ስትመለሺ ምን ትያታለሽ ታዲያ?»

ዋሪቱ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ አመቻቸቻት። ዓይኗ እንባ ስለሞላ መንገዱ በደንብ አይታያትም ነበር፤ እርምጃዋን ግን አልቀነሰችም።

«ምንም አልላትም፣» አለች። «ማታ እመለስና አጠገቧ እተኛለሁ። ብትገፋኝም።»