ቤቱን ጠርጌ እጠብቅሻለሁ

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ሰዓቱን የጠቀስኩት ለማሳመር አይደለም... ባለቤቴ የሞተበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት፣ እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ እዚያው ወንበር ላይ፣ እጁ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ።

የምነግራችሁ የደረሰብኝን ነው። ያመነ ይመን። ያላመነም ደህና ይተኛ፤ እኔ አልቀናበትም። በገዛ በራፌ ላይ ቆሜ በጆሮዬ የሰማሁትን ግን ማንም "አልሰማሽም" ሊለኝ አይችልም።

መጀመሪያ ስለ ቢሯችን ልንገራችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም።

አራት ሰዎች ነን። ለመጋዘኖች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንሠራለን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰፊ ክፍል፣ አራት ጠረጴዛ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያቃስት አንድ አየር ማቀዝቀዣ። ባለቤቴ የሥራው ምሰሶ ነበር። እኔ ኮድ መጻፍ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ከጎኑ ተቀምጬ እጅ እጁን እያየሁ ነው።

ሥራችንን የምናስቀምጠው ጊት በሚባለው መሣሪያ ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደጻፈ መዝግቦ ይይዛል። ትእዛዞቹ ግን ብዙ ናቸው፤ ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ ባለቤቴ ብዙውን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚፈጽሙ፣ ሥራውን የሚያቀሉ አጫጭር ስክሪፕቶች ጻፈልን። ሁሉም ስክሪፕቶች የሚጋሯቸውን፣ ፈንክሽን የሚባሉ ትናንሽ ረዳት የኮድ ቁራጮች ደግሞ በአንድ የጋራ ፋይል ውስጥ ሰበሰባቸው። የማናችንም ስክሪፕት ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ፋይል ይጠራል።

አንዱ ፈንክሽን ሥራችን ተዝረክርኮ እንደሆነ ያያል። አንዱ "አዎ ወይስ አይ?" ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ደግሞ፣ ነገር ሲበላሽ ያስቆማል።

ሁሉም የሚናገሩት በሱ አንደበት ነበር።

የተዝረከረከ ሥራ ልትልኩ ስትሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የምንጽፍበት ጥቁር መስኮት ላይ "ቆዩ! ቤቱ ሳይጠረግ እንግዳ አይጠራም" ይላል። ሲበላሽ "አልሆነም። ተነሥታችሁ ትንሽ ተንፍሱ" ይላል። ሥራው በሰላም ከሄደ ደግሞ፣ መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው...

"ጨርቅ ያድርግላችሁ።"

እሱ ከሞተ በኋላ ይህቺን ቃል ለማየት ብቻ ባዶ ሥራ እልክ ነበር። ሰው ፎቶ አቅፎ ያለቅሳል። እኔ ስክሪፕት እያስነሳሁ አለቅስ ነበር።

በዚያ ሳምንት አለቃችን መጣና፣ "የድሮውን የጋራ ፋይል አርብ ከምሳ በኋላ እንሰርዘዋለን፤ አዲስ ተጽፏል" አለን።

አዲሱን የጻፈችው ሚጢጢ ናት።

ሚጢጢ ያልናት ቁመቷን አይተን ነው። በሱ ቦታ የተቀጠረች ልጅ ናት። በሱ ወንበር፣ በሱ ጠረጴዛ፣ በሱ ኮምፒውተር። ትሑት ናት፣ ሳቂታ ናት፣ እኔን "እታለም" ትለኛለች። የምጠላበት ምክንያት አልነበረኝም።

እስከዚያ ሐሙስ ድረስ።

ሌሎቹ ምሳ ወጥተዋል። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን።

"እታለም..." አለች በሹክሹክታ።

"ወይ።"

"አንዴ ነይማ።"

"ምነው?"

"ነይ በቃ።"

ሄድኩ። ጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ።

"መጣሽ የኔ ግርግር?"

የወንበሯን መደገፊያ ያዝኩ።

የኔ ግርግር... እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ቁልፌንና ጫማዬን ስፈልግ ቤቱን ስለማተራምሰው ያወጣልኝ ስም ነው። በሰው ፊት ጠርቶኝ አያውቅም። እናቱ እንኳ አያውቁትም።

"ምን አድርገሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም! እንደ ሁልጊዜው ሥራ ልልክ ነበር።"

"ከዚህ በፊትስ ብሎሽ ያውቃል?"

ዓይኗን ወደ ኪቦርዱ መለሰች።

"ሚጢጢ!"

"ከሰኞ ጀምሮ ነው... ለሁላችሁም እንዲህ የሚል መስሎኝ።"

"ሌላስ? ሌላ ምን አለሽ?"

ጆሮዋ ቀላ።

"ማክሰኞ... 'ቢጫ ያምርብሻል' አለኝ።"

ማክሰኞ ቢጫ ሹራብ ለብሳ ነበር። አስታውሳለሁ።

ሰው ሲሰማ ይፈርድብኝ ይሆናል... መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ቅናት ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ በየማታው "በሕልሜ እንኳ ና" ብዬ ስለምነው ያልመጣ ሰው፣ ለዚህች ልጅ ሹራብ ያደንቃል?

"ተነሺ" አልኳት።

ተነሣች። እኔ ተቀመጥኩ።

ይሄ የሱ ኮምፒውተር ስለነበር ምናልባት ለራሱ ያስቀረው ሌላ የጋራ ፋይሉ ቅጂ ይኖራል፣ ስክሪፕቱም የሚጠራው ያንን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የእኛ ሥራ ላይ የተለመደ ስሕተት ነው። ለኔ ጽፎት ይሆናል... ሊያስቀኝ ብሎ... ሳያሳየኝ ሞተ። ልቤ ትንሽ ተስፋ አደረገ።

ፋይሉን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። "ቤቱ ሳይጠረግ" አለ። "ጨርቅ ያድርግላችሁ" አለ።

"ግርግር" የሚል ቃል የለም።

ኮምፒውተሩን በሙሉ አስፈተሽኩ።

የለም።

በዚህ መሃል ጋሼ መነጽር ገባ። በዕድሜ ትልቁ ባልደረባችን ነው፤ ባለቤቴን እንደ ታናሽ ወንድሙ ይወደው ነበር።

"ምነው? ፊታችሁ አመድ መስሏል። ርቧችሁ ከሆነ በኔ አመካኙ፤ እኔ ነኝ ለምሳ ሳልጠራችሁ የወጣሁት።"

ማናችንም አልሳቅንም። መጥቶ መስኮቱን አየ። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤ እንደገና አየ።

"ልጄ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ፋይሉ የሚሰረዘው መቼ ነበር?"

"ነገ።"

"ይሰረዝ። የሞተ ሰው ነገር በጊዜው ይከደናል።"

"አይሰረዝም!"

ሁለቱም ደነገጡ። እኔም ደነገጥኩ። የኔ ድምፅ አልመሰለኝም።

እነሱ ቆመው እያዩኝ በሚጢጢ ስም ቦታ የራሴን አስገብቼ ስክሪፕቱን አስነሣሁት።

"ጨርቅ ያድርግላችሁ።"

ደገምኩት።

"ጨርቅ ያድርግላችሁ።"

"ለኔም በለኝ እንጂ..." አልኩ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ። "እኔ ነኝ... አንዴ ብቻ።"

እንደገና ደገምኩት። በዚህ ጊዜ ወዲያው አልመጣም። ነጯ ምልክት ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት ትላለች። ከዚያ ፊደሎቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። በሁለት ጣት እንደሚጽፍ ሰው... እሱ የሚጽፈው በሁለት ጣት ነበር።

"አንቺ ተነሺ። እሷን ጥሪልኝ።"

አመሻሹ ላይ ቤቴ ስገባ ወለሉ ተጠርጓል።

ጠዋት ስወጣ አልጠረግሁትም። ከዘጠኝ ወር ወዲህ በደንብ የጠረግሁበት ቀንም የለም። መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ተገልብጦ ቆሟል፤ እጀታው ወደ ታች፣ ጭራው ወደ ላይ። እንዲያ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ብቻ ነበር። ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል።

ቤቱ ለኔ ተብሎ የተጠረገ አልመሰለኝም።

አርብ ጠዋት ሚጢጢ ቢጫ ለብሳ መጣች።

"ቢጫ?" አልኳት።

"እ? ... እንዲሁ ደስ አለኝ።"

ሳቀችም። ሳቋ መጨረሻ ላይ በትንሽ ሳል ተቋረጠ። ባለቤቴ ሲስቅ እንዲያ ነበር፤ ሳቁን ሁልጊዜ ሳል ይዘጋው ነበር። ጋሼ መነጽር ቀና ብሎ አየኝ። አየሁት።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ወጡ። ሚጢጢ ውሃ ልትገዛ ወደ ታች ወረደች። አለቃችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋይሉን ይሰርዘዋል። ከዚያ በኋላ ድምፁ በዚህች ምድር ላይ የትም የለም።

እሱ ወንበር ላይ፣ ሚጢጢ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ።

ጊት መታወቂያ አይጠይቅም። ስሜ እንዲህ ነው ካላችሁት ያምናችኋል። ትናንት ያስገባሁትን የራሴን ስም ከኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ አጠፋሁ። የሚጢጢን ጻፍኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ስክሪፕቱን አስነሣሁ።

"መጣሽ የኔ ግርግር?"

አፌን በእጄ ያዝኩ። እንባዬ ኪቦርዱ ላይ ይወርዳል። በተሰረቀ ስምም ቢሆን ጠራኝ...

"ቤቱን ጠርጌ እጠብቅሻለሁ።"

አየር ማቀዝቀዣው ማቃሰቱን አቆመ። ክፍሉ ጭጭ አለ።

"ያቺ ሴትዮ ሄደች? አዎ ወይስ አይ?"

ያቺ ሴትዮ።

አብሬው በልቼ፣ አብሬው ጠጥቼ፣ ሲታመም አስታምሜ፣ ዓይኑን በእጄ ከድኜ... ያቺ ሴትዮ።

"አይ፣ እዚሁ ናት፣ እኔ ነኝ" ልለው ጣቴ ተነሥቶ ነበር። ግን "አይ" ካልኩት ዝም ይላል። ዝም ካለ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ አለቀ። እኔ የፈለግሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር። አንድ ተጨማሪ ቃል።

"አዎ" ብዬ ጻፍኩ።

"ጨርቅ ያድርግላት።"

መስኮቱ ጠፋ።

"እታለም..."

ዘወር አልኩ። ሚጢጢ ከኋላዬ ቆማለች። ቦርሳዋን ይዛለች።

"ልሂድ እንግዲህ" አለች።

"ወዴት? ገና ስምንት ሰዓት ተኩልኮ ነው።"

"ቤት ነዋ። ባለቤቴ ይጠብቀኛል።"

"ሚጢጢ... ባል የለሽምኮ።"

ሳቀች። ሳለች።

"አንቺ ደግሞ! ቀልድሽ አያልቅም።"

ይህን እያለች ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥታ በጣቷ አሽከረከረችው። ራሱ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። የባለቤቴ የቤት ቁልፍ ነው። ከሞተበት ቀን ጀምሮ ፈልጌ ያጣሁት ቁልፍ።

"ከየት አመጣሽው?" ልላት አፌን ስከፍት በሩ ተዘግቷል። ደረጃው ላይ ኮቴ እንኳ አልሰማሁም።

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። መንገድ ላይ ፀሐይዋ ደማቅ ነበረች፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሱ ነበር፣ አንድ ሰውዬ መኪናውን ያጥብ ነበር። ዓለም በሰላም ውሏል።

ቁልፌን ከተትኩ። ዞረ። በሩ ግን አልተከፈተም። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ጆሮዬን አስጠጋሁ።

መጥረጊያ... ሽው... ሽው... ወለሉን እየጠረገ ነው።

ከዚያ ሳቅ። የሴት ሳቅ አልነበረም። ወፍራም፣ ደስ የሚል፣ መጨረሻው ላይ በትንሽ ሳል የተዘጋ።

አንኳኳሁ።

መጥረጊያው ቆመ።

"ማነው?" አለች ሚጢጢ። የገዛ ቤቷ ውስጥ እንዳለች ሴት፣ ዘና ብላ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እኔ ነኝ... ክፈቱልኝ..."

ከዚያ እሱ ተናገረ። በዘጠኝ ወሩ። ከበሩ ማዶ፣ እንጨቱ ላይ ከንፈሩን ያስጠጋ ያህል ቅርብ ሆኖ።

"ተይው፣ የኔ ግርግር። ማንም አይደለም።"

ጎረቤቴ ስጮህ ሰምቶ ቁልፍ ሠሪ ጠራ። መቀርቀሪያውን ሰብረው ከፈቱት። ውስጥ ማንም አልነበረም። መስኮቶቹ ከውስጥ ተዘግተዋል። ለመጥረግ ውሃ የተረጨበት ወለል ገና እርጥብ ነው። መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ተገልብጦ ቆሟል።

የጋራ ፋይሉ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰርዟል።

ሚጢጢ ከዚያ አርብ ወዲህ አልታየችም። እናቷ አሁንም እየፈለጓት ነው። እኔ እህቴ ቤት ነኝ፤ ሥራውንም ትቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ መነጽር ደወለልኝ። የጊቱን መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳየው ነገረኝ። የሠራሁት ሥራ ሁሉ አለ፤ አንድም አልጎደለም። ጸሐፊው በሚለው ቦታ ላይ ግን በሙሉ የተጻፈው የሚጢጢ ስም ነው። የኔ ስም የትም የለም።