አራት ጊዜ የምታቃስት መኪና

መካኒኩ በማለዳ የጋራዡን በር ገፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ጫማ ነበር። ቀና ሲል አለቃው ለጥገና በገባችው የአንዲት መምህርት ነጭ መኪናና በብረቱ የሥራ ጠረጴዛ መሀል ተጣብቀው፣ ግንባራቸውን ሞተሩ ላይ ደፍተው አያቸው። ጠራቸው። አፍንጫቸው ስር መዳፉን አደረገ፤ ትንፋሽ የለም። እጁን በመስኮት ሰዶ ማርሹን ነካ፤ ገብቷል። ማርሽ የገባ መኪና ሞተሩ ሲነሳ ወደፊት ይዘላል። የእጅ ፍሬኗ አልይዝ ስላለ፣ ትናንት ማርሽ አስገብቶ ያቆማት እሱ ራሱ ነበር።

«ገደልኳቸው» አለ ለራሱ። ቤት ያለችው ሚስቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ሟቹን ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ ጆሮ» ይላቸዋል። የሞተርን በሽታ የሚያውቁት በጆሮ ነው። ጠዋት፣ መኪናው እንደቀዘቀዘ፣ አንድ ሰው ቁልፍ ያዞራል፤ እሳቸው ከፊት ቆመው ያዳምጣሉ። ይህቺ ነጭ መኪና ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፈትናቸዋለች። አራቴ ካላቃሰተች አትነሳም።

ፖሊስ ሲጠራ የመጣችው መርማሪ ወደ ስድሳ የተጠጋች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ብዙ አታወራም። መጀመሪያ የሟቹን እጆች አየች፣ ቀጥሎ ቁልፉን።

«እጃቸው እስከ አንጓው ዘይት ነው፤ ቁልፉ ግን ንጹሕ ነው። ደግሞ ከፊት የቆመ ሰው ቁልፍ አያዞርም። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር» አለች።

መካኒኩ ይህን ሲሰማ ፍርሃቱ በረታ። ጥፋት ያለውን ሰው ነፍስ ገዳይ ለማድረግ አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው። ከሟቹ ሌላ የበሩ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሱ፣ ኤሌክትሪሻኑና ጎን ለጎን ጎማ የሚጠግነው የሟች ታናሽ ወንድም።

ወንድምየው እያለቀሰ ተናገረ። «ባለፈው ሳምንት ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ግን ወንድሜ ነው።»

ኤሌክትሪሻኑ አላለቀሰም። «ማርሽ አስገብቶ ማቆም የእሱ ልማድ ነው፤ ስንቴ ነገርነው» አለ ወደ መካኒኩ በአገጩ እያመለከተ። «እኔ መኪናዋን አልነካኋትም። መብራቷን ከሠራሁላት ሁለት ሳምንት አልፏል።»

የመካኒኩ ተራ ደረሰ። «ማርሽ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ።

«እሱን ሰምቻለሁ። በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች?»

«በምንም ተአምር።»

«ማርሽ ውስጥ ሆና አንዴ ቢዞርባትስ?»

«ታቃስታለች እንጂ ንቅንቅ አትልም።»

መርማሪዋ ይህን በማስታወሻዋ ጻፈች። ከዚያ የመኪናዋን ባለቤት፣ መምህርቷን፣ ጠርታ ኮፈኑ ስር አብረው አጎነበሱ። መምህርቷ ከባትሪው የወጣውን ወፍራም ካቦ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ የሚያደርሰውን ገመድ፣ ነካች። አንድ ቀይ ነጥብ አለበት።

«የጥፍር ቀለሜ ነው» አለች። «ድሮ ሌላ ቦታ ዕቃዬን ቀይረውብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምልክት ሳላደርግ መኪናዬን ለማንም አልሰጥም።»

መካኒኩ ከኋላ ሆኖ አየ፤ አንድ ነገርም ጎደለበት። ትናንት የነበረው ካቦ በጥቁር ናስትሮ፣ በኤሌክትሪክ ማጣበቂያ፣ የተጠቀለለ ነበር። አፉን ሊከፍት አለና ተወው። ከተናገረ «ማን ቀየረው? ሌላ ማን ነክቷት ያውቃል?» ይሉኛል ብሎ ፈራ።

መርማሪዋ ጋራዡን አሽጋ፣ በር ላይ ፖሊስ አቁማ አሰናበተቻቸው። ሚስቱ ያን ምሽት አላለቀሰችም። ብርድ ልብስ፣ ነጠላ ጫማና ሳሙና በአንድ ሻንጣ አዘጋጀችለት። «ካሰሩህ ብርዱ እንዳይጎዳህ» አለችው። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነጋ።

ጠዋት ሁሉም ተሰበሰቡ። መርማሪዋ መሪው ላይ ተቀምጣለች።

«ሦስታችሁም እሳቸው የቆሙበት ቦታ ቁሙ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማዞረው።»

መካኒኩ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ፈርቷል፤ ግን መኪናዋን ያውቃታል። በመጀመሪያው አትነሳም። ሄዶ ቆመ። ወንድምየውም «ወንድሜ ትለግማለች ሲል ሰምቻለሁ» ብሎ አጠገቡ ቆመ።

ኤሌክትሪሻኑ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። «እኔ አልቆምም። ሰው የገደለች መኪና ናት።»

«እነዚህ ሁለቱ አልፈሩም እያልኩ አይደለም። ፈርተውም ቆመዋል» አለች መርማሪዋ፤ ቁልፉንም አዞረች።

ሞተሩ በአንድ ጊዜ አገሳ። መካኒኩ ጮኸ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። መኪናዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ማርሹን ቀድሜ አውጥቼዋለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው ሞተሩን አጥፍታ። «አሁን ንገረኝ፤ ምን ተቀይሯል?»

«ካቦው» አለ መካኒኩ በጣቱ እያሳየ። «ትናንት ወዲያ ናስትሮ ነበረበት። ለመናገር ፈርቼ ነው።»

«አዎ። ምልክት ያለበት ካቦ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ተመልሷል። የወሰደው ነው የመለሰው። መምህርቷ እንደነገረችኝ፣ መኪናዋ መለገም የጀመረችው መብራቷ ከተሠራ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የነካት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥሩውን አውልቆ ያለቀለት አሰረላት። ቀሪዎቻችሁ ስለማታውቁ ቆማችሁ። መዳኗን የሚያውቀው ሸሸ።»

ፖሊሱ የኤሌክትሪሻኑን የዕቃ ሣጥን ከፈተ። ከታች፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ናስትሮ የተጠመጠመበት ካቦ ወጣ። የደንበኛ ዕቃ መስረቅ የለመደ እጅ በካቦው ውስጥ ያለውን መዳብ መጣል አልሆነለትም።

ኤሌክትሪሻኑ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ ሳይነቁብኝ ልመልሰው ብቻ ነበር ገና ሳይነጋ የመጣሁት። እንደጨረስኩ ደረሱ። ‹ቀስቅስልኝ፣ ልስማት› አሉኝ። በመጀመሪያው ከተነሳች ማን እንደነካት ያውቃሉ። ያ ጆሮ አይሳሳትም። ፖሊስ እንደሚጠሩብኝ ታየኝ።»

«ማርሽ መግባቱንስ ታውቅ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

ኤሌክትሪሻኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እሳቸውም ጠይቀውኛል። ‹ማርሹን አውጥተሃል?› አሉኝ። ‹አውጥቻለሁ፣ ጋሼ› አልኳቸው።»

መካኒኩ ፊቱን በዘይታም መዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። አለቃው ልማዱን አልረሱትም ነበር፤ ጠይቀዋል። የገደላቸው የእሱ ማርሽ ሳይሆን ያመኑት መልስ ነው።

ኤሌክትሪሻኑን ሲወስዱት መካኒኩ ሻንጣውን አንስቶ ተከተለ፤ ከትናንት ጀምሮ መሄጃዬ እስር ቤት ነው ብሎ ነበርና።

መርማሪዋ ክንዱን ያዘችው። «አንተ ወዴት ነህ? ብርድ ልብሱን ለሚስትህ መልስላት።»