ወፍ የለም

ፎቶ አንሺው ሞቶ የተገኘው የጉብኝት ወቅቱ መክፈቻ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት፣ የቱሪዝም ቢሮው አዳራሽ ወለል ላይ ነው። ከበላዩ ግድግዳውን የሞላ ፖስተር ነበር፤ ሮዝ ወፎች ብቻ፣ ውሃው እንኳ የማይታይበት። ግርጌው ላይ «በዚህ ወር ይምጡ፤ ሐይቁ ሮዝ ሐር ለብሶ ይጠብቅዎታል» ይላል። ግራ ጎኑ ተላቆ ተንጠልጥሏል።

«ከመሰላል ወድቆ ነዋ» አለ የቢሮው ኃላፊ።

መርማሪዋ መሰላሉን በዓይኗ ፈለገች። ከማዶ፣ ሌላኛው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«ወድቆ የሞተው ሰውዬ ተነስቶ መሰላሉን ቦታው መለሰ?» አለች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እትዬ ለምን» የሚሏት ወደው አይደለም።

ሰውዬው የሞተው ትናንት አመሻሽ ላይ መሆኑን ሐኪሙ ተናግሯል። ፖሊሶቹም ከእሷ ቀድመው አስጎብኚውን ይዘዋል፤ የሟች እህት ባል ነው። ከያዙት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ የመርማሪዋን እጅ ያዘች።

«እትዬ፣ ወንድሜን አጥቻለሁ። ባሌን ደግሞ ገዳዩ ነው ካላችሁኝ፣ ከማን ጋር ሆኜ ላልቅሰው?»

መርማሪዋ እጇን ሳታስለቅቅ ዘበኛውን አስጠራች።

ዘበኛው የሰማውን ለመናገር አልዘገየም። «ትናንት ከሰዓት ሲጯጯሁ ነበር። ሟች ቀስ ብሎ ያናግረዋል፤ አስጎብኚው ‹ወፍ የለም! ወፍ የለም አልኩህ!› ይላል። ዕርቅ ለምኖት እምቢ ማለቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን አላትሞ ወጣ።»

«ሟችስ ጋሼ?»

«ወዲያው በሞተር ሳይክሉ ወጥቶ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በእኔ በር የገባ የለም። የኋላውን በር ግን አላይም።»

«የሱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ሟች፣ ኃላፊውና የብሮሹሩ ጸሐፊ ጋ።»

ኃላፊው ላቡን ጠረገ። «ከአስራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ሬዲዮ ጣቢያ፣ በቀጥታ ስርጭት ስለ ወፎቹ ሳወራ ነበር። ከተማው ሁሉ ሰምቶኛል።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች፤ «ረዘመብኝ።»

የብሮሹሩን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው በቢሮው «አፈ ማር» ይባላል። ከወንበሩ ኋላ የጉዞ ጽሑፍ ሽልማቶቹ ተደርድረዋል፤ ጫማው ፊት ያሳያል።

«ከአስር ሰዓት ጀምሮ እስኪጨልም ሐይቁ ዳር ነበርኩ» አላት። «ብቻዬን። ለነገው ንግግር ሐሳብ ፍለጋ። ሐይቁ ሮዝ ሐር ለብሶ…»

«ብዙ ናቸው ወፎቹ?»

«ማን ቆጥሯቸው። ውሃው አይታይም እኮ።»

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አራት ምስማሮች አገኘች፤ አራቱም የተጣመሙ። በካሜራው ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ፎቶ አሳትማ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

ፎቶውን መጀመሪያ ለጸሐፊው ሰጠችው። ድፍርስ ውሃ፣ አንድ የደረቀ ዛፍ፣ የተሰበረ የጀልባ መቆሚያ።

«ይሄ የት ነው?»

መነጽሩን አስተካክሎ አየው። «የእኛ አካባቢ አይመስለኝም። እንግዳም አይጠራም።»

ዘበኛው አንገቱን አሰገገ። «ኧረ ጌታዬ፣ ሐይቃችን ነው።»

መርማሪዋ ዓይኗን ከጸሐፊው አልነቀለችም።

«የተነሳው ትናንት አስር ሰዓት ተኩል ነው» አለች መርማሪዋ። «ተቀምጬበት ነበር ያልከው ቦታ ይሄ ነው። ወፉ የታል?» ወደ አስጎብኚው ዞረች። «አሁን አንተ ተናገር። ወፍ የለም ማለት ምን ማለት ነው?»

አስጎብኚው ከስንት ሰዓት በኋላ አፉን ከፈተ። «ወፍ የለም ማለት ነዋ። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገባ፤ ወፎቹ ከሄዱ አስራ ሁለት ቀናቸው። ባዶ ሐይቅ እያሳየሁ ቀድመው በመጡ እንግዶች ስሰደብ ሰነበትኩ። ፖስተሩን አውርደው አልኩት፤ አላመነኝም። ጮህኩበት።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «የመጨረሻ ቃሌ ያ ሆነ።»

«ሰምቶሃል» አለችው። «ሄዶ በዓይኑ አየ። አራቱም ምስማሮች የተጣመሙት ሲነቀሉ ነው፤ ወንድማችሁ ሲሞት ፖስተሩን እያወረደ ነበር። ስለዚህ የገደለው እንዲወርድ የጮኸው ሳይሆን፣ እንዳይወርድ የፈለገው ነው። የኋላው በር ቁልፍ ካላቸው አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ሬዲዮ ላይ ነበር። የቀረው ሐይቅ ዳር ነበርኩ ብሎ የገዛ ብሮሹሩን አነበበልኝ።»

ጸሐፊው ፎቶውን አሁንም እንደያዘ ነው።

«መሰላሉ ላይ ሆኖ ‹ሐይቁን አይተኸው ታውቃለህ?› አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ከሱ ፎቶ እያየሁ ነው የጻፍኩት። ‹ነገ እንግዶቹ ፊት ራስህ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ› አለ። መሰላሉን ነቀነቅኩት። እንዲወርድ ነበር እንጂ… ከዚያ ደንግጬ መሰላሉን አነሳሁና ከማዶ አቆምኩት።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። የአስጎብኚውን እጅ ፈቱለት። ሚስቱ ጸሐፊው የጣለውን ፎቶ ከወለሉ ላይ አነሳችው።

«ነገ እንግዶቹ ሲመጡ ይሄ ይታያቸው» አለች። «ወንድሜ ያየውን ይዩ።»

ዘበኛው ቀጥ ያሉ ምስማሮች አመጣ። ባሏ ፎቶውን ሊሰቅል መሰላሉን ወጣ። እሷ የመሰላሉን እግር በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው፤ ባሏ ጨርሶ ወርዶ፣ ሁለት እግሩ ወለሉን እስኪረግጥ ድረስም አልለቀቀችውም።