ሁለተኛው ገጽ

እኔ በጂን በመንፈስ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እመኑኝ፣ ዓረብ አገር፣ ፉጣ በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ክፍል ልጆቹ ስለ ጂን ማውራት ሲጀምሩ «ኸላስ፣ በቃ ተኙ» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞር ነኝ። የምውለውም ከኮድ ጋር ነው፣ ኮድ ደግሞ ያዘዙትን እንጂ ሌላ አያውቅም።

ሥራዬ በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ሱቅ ለሐበሾች ቅጽ መሙላት ነው። የኤምባሲ ቀጠሮ የሚያዝበት ድረ ገጽ አዲስ ብራውዘር በከፈትኩ ቁጥር በስልክ የሚላክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ስለዚህ አንዴ በእጄ ገብቼ ብራውዘሩን ክፍት እተወዋለሁ፣ ከዚያ የጻፍኩት ኮድ እዚያው ክፍቱ ብራውዘር ላይ ይያያዝና በየደቂቃው ቀጠሮ ይፈልግልኛል። ሲያያዝ መጀመሪያ የሚያደርገው የተከፈቱትን ገጾች ቆጥሮ መንገር ነው።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሰፈሩ ለጁምዓ ተዘጋግቶ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ረህማ የምትባል የወሎ ልጅ መጣች። ታናሽ እህቷ ዘይነባ ሱወይዲ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ድምፅዋ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኗል፣ አሠሪዋ ማዳም «ጠፍታ ሄዳለች» ብላ ስልኩን ዘግታባታለች።

«ወንድሜ፣ ቀጠሮ ያዝልኝ፣ ኤምባሲ በአካል ሄጄ ላመልክት» አለችኝ።

ቅጿን ከፍቼ ኮዱን አያያዝኩት። የተከፈቱ ገጾች ሁለት ናቸው አለ። እኔ የከፈትኩት አንድ ነው፣ መስኮቱ ላይ የሚታየውም አንድ ነው። ገጹን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩ፣ አሁንም ሁለት። ብልሽት ነው ብዬ የሁለተኛውን ገጽ ፎቶ እያነሣ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት።

ያው ቅጽ ነው፣ ግን ስም በሚለው ቦታ «ዘይነ» ተጽፎበታል። ቀጥሎ በመጣው ፎቶ «ዘይነባ» ሆነ። ልክ ሰው በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ እንደሚጽፍ፣ ይጨመራል፣ ይሰረዛል፣ ደግሞ ይጨመራል። የእናት ስም ላይ «ከድጃ» ሲል ረህማ ከወንበሯ ተነሣች፣ እኔ የእናታቸውን ስም ጠይቄያት አላውቅም።

የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። ጽሑፉ አልቆመም። አድራሻ በሚለው ላይ «ጨለማ ነው ውሃ ይንጠባጠባል» ብሎ ጻፈ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ረህሚ» አለ።

«እሷ ብቻ ናት እንዲህ የምትጠራኝ» አለች ረህማ።

«ረህሚ ያ የቆመው ማነው» ብሎ ጻፈ ገጹ።

«ወንድማችን ነው ዘይንዬ፣ የሚረዳን ልጅ ነው» አለች ስክሪኑን በመዳፏ እየዳበሰች።

እኔ ግን ተቀምጬ ነበር።

«የተቀመጠውን አይደለም ኋላው ያለውን»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መዞር አልቻልኩም። ከኋላዬ የሱቁ ግድግዳ ነው፣ ክንድ የማያህል ክፍተት ነው ያለው፣ ማጅራቴ ላይ ግን የሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ነበር። እጄን ሰድጄ ማጥፊያውን ተጫንኩት። ረህማ «አታጥፋው፣ በአላህ አታጥፋው» እያለች እጄን ስትይዝ ስክሪኑ ጠቁሯል።

በሳምንቱ ሁለት የሰፈሯ ልጆች ሱወይዲ ሄደው ቤቱን አዩት፣ ተቆልፏል፣ ጎረቤት «ሰዎቹ ለቅቀዋል» አላቸው። ዘይነባ እስካሁን አልተገኘችም።

ረህማ ዛሬም ትደውላለች። «ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ አያይዘው፣ የት እንዳለች ልጠይቃት» ትለኛለች። ኮዱ ተበላሽቷል እህቴ፣ አይሠራም እላታለሁ።

ኮዱ አልተበላሸም።