ከእረፍት ያልተመለሰው ተጫዋች

ሃርላን ቢግስ ከሞተም በኋላ ካርታ ሲታደለው ቆይቷል።

ሬሳው የቁማር ቤቱ የጓሮ ደረጃ ሥር አንገቱ ተቆልምሞ ወድቋል። ላይ አዳራሹ ውስጥ ግን ካርታ አዳይዋ ናዲን እንደ ደንቡ ለባዶ ወንበሩ ካርታ ትወረውራለች፤ ተራው ሲደርስ የግድ የሚከፈለውን መነሻ በገንዘብ ፈንታ ከተቆለለው ጠጠሩ ላይ እያነሣች መሐል ታስገባለች። በቁማር ከተማዋ ሬኖ ለቀረ ሰው ጨዋታ አይቆምም። የጽዳት ሠራተኛዋ እየጮኸች እስክትመጣ ድረስ ሟቹ ሲጫወት ነበር ማለት ይቻላል።

መርማሪ ዴልበርት ኦክስ ሲደርስ አለቃው ግሪንሊ ሎርና ፕሩይትን በካቴና አስሯታል።

«የቀድሞ ሚስቱ ናት» አለው። «በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ስትሰድበው ተሰምታለች። ዛሬውኑ እስር ቤት ትገባለች። አንተ ቃል ተቀብለህ ዝጋው፤ ብዙ አትፈላሰፍ።»

ግሪንሊ ለኦክስ ይገባ የነበረውን ሹመት በዲግሪው የወሰደ ሰው ነው። ኦክስ እንዲህ ያለውን ንግግር መዋጥ ለምዷል፤ አንዱም ግን ተፈጭቶለት አያውቅም። ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

የሃርላን ኮት ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው አየር እጅጌውን ሲያነቃንቀው ሁሉም ፊታቸውን ያዞራሉ።

«ወደ እረፍት ስትወጡ ስንት ነበራችሁ?» ሲል ናዲንን ጠየቃት።

«ከዐሥሩ ሦስት ቀርተው ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ለትልቁ ውድድር ይለፍ ያገኛሉ፤ ሦስተኛው ባዶ እጁን ይሄዳል። ብዙ ጠጠር የነበራት ሎርና ናት፤ ከዚያ ሃርላን። ትንሹ የቨርጂል ነው።»

ቨርጂል ስታንክ ሃርላን ጨዋታ ያስተማረው ሰው ነው። «እኔ በፊት ለፊቱ በር ላይ ሲጋራ ሳጨስ ነበር» አለ ሳይጠየቅ።

«ብቻህን?»

«ከሲጋራዬ ጋር።»

ኦክስ ወደ ሎርና ዞረ። «የሃርላን መነሻ መሐል ሲገባ ትወስጂው ነበር?»

«ምን ቆርጦኝ! ሽንት ቤት የሄደ ሰው አልዘርፍም። አሁን ይመጣል እያልኩ ሳልወራረድ ካርታዬን እጥል ነበር። ቨርጂል ነው እየጠራረገ የወሰደው።»

«ቨርጂል ታዲያ አንቺን ገጥሞሽ ያውቃል?»

«እሱ? አንዴ ያለኝን ጠጠር ሁሉ አስይዤ ገፋሁበት፤ ትንሽ አሰበና ካርታውን ጣለ።»

ናዲን ጣልቃ ገባች። «ሲወረውራቸው እጄን መትተው ተገለበጡ። ሁለት ንጉሥ ነበሩ። በሆዴ፣ ይሄ ሰውዬ አመመው እንዴ አልኩ።»

ኦክስ የሚጠብቀው ይህን ነበር። ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጣቸው፤ ባዶው ወንበር ብቻ ቀረ።

«መጀመሪያ ከሚታደሉት ሁለት ካርታዎች፣ ከሁለት ንጉሥ የሚበልጠው ሁለት አስ ብቻ ነው» ሲል ጀመረ። «ትንሹን ጠጠር የያዘ ሰው መነሻው እየጨመረ ሳለ እንዲህ ያለ ካርታ ሲመጣለት ዐይኑን ጨፍኖ ሁሉንም ይገፋል። ሃርላን ቢመለስ መጀመሪያ የሚወጣው ቨርጂል ነዋ።»

«ፈራሁ። ወንጀል ነው?» አለ ቨርጂል።

«አልፈራህም፤ በደንብ ነው የተጫወትከው። የሌለ ሰው ይከፍላል እንጂ አያሸንፍም። የእሱ ጠጠር እያለቀ፣ ያንተ ደግሞ በእሱ መነሻ እየተጠገነ ይሄዳል። ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ሁለተኛነቱ ያንተ ነው፤ ሎርናን መግጠም ዕብደት ይሆናል። ይህ ስሌት የሚያስኬደው ግን ሃርላን ፈጽሞ እንደማይመለስ ላወቀ ሰው ብቻ ነው። ሎርና አላወቀችም፤ ስለዚህ ጠበቀችው። አንተ ሁለት ንጉሥ ስትጥል ግን ሬሳው ገና አልተገኘም። ማን ነገረህ?»



ቨርጂል ወደ ኮቱ እጅጌ ዞረ። «እንኳን ደስ ያለህ ልለው ነበር ወደ ጓሮ የተከተልኩት» አለ። «ሦስታችንም እዚህ ደረስን፣ ያስተማርከኝ አልባከነም ልለው። ሳቀብኝ። ‹አንተ እኮ ስትቀመጥም የሞትክ ሰው ነህ፤ የምትቆየው ማንም ስለማያይህ ነው› አለኝ። ከደረጃው ገፋሁት። ከዚያ ተመልሼ ስቀመጥ... ናዲን ለእሱ ካርታ በወረወረች ቁጥር እጁ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።»

ኦክስ የሎርናን ካቴና ከፈተ። ቨርጂልን ለማሰር ሲጠጋ ሃርላን ያለውን የንቀት ቃል በግሪንሊ ድምፅ የሰማው መሰለው።

ሎርና አንጓዋን እያሻሸች ቨርጂልን አየችው። «እኔንም በየቀኑ እንደዚያው ይለኝ ነበር።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ልብሴን ሰብስቤ ወጣሁ።»

ቨርጂል ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ። «እኔ መሄጃ አልነበረኝም» አለ።