የወይንእሸት ፍንጭት

ከጥምቀት ማግስት ባለው ሰኞ ጠዋት፣ ደሴ ፒያሳ በሚገኘው ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የነበሩት ዶክተር ንጋቱ፣ ባለቤቱ ስንዱና ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ከዲጃ ብቻ ነበሩ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ክፍሉ እንደ ሁልጊዜው የቅርንፉድ ዘይትና የእርጥብ ጀሶ ሽታ ይሸታል፤ ከጓዳው በኩል ዶክተሩ የሚሞርደው ሰው ሠራሽ ጥርስ ቀጭን ድምፅ እያሰማ ይጮኻል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይጮኻል። ስንዱ ታካሚ ትቀበላለች፤ ባሏ በሁለት ቃል የሚናገረውንም ለሰው በሚገባ ቋንቋ ታስረዳለች።

«ጥርስዎ ተቦርቡሯል» አለቻቸው ለእትዬ ከዲጃ። «ላይ ላዩን ቢሆን ሞልተነው ይበቃ ነበር፤ ግን ነርቩ ድረስ ዘልቋል። ነርቩን አውጥተን፣ ስሩን አጽድተን እንደፍነዋለን እንጂ አንነቅለውም።»

«ነርቩ ከወጣማ ሞቷል በይኛ! በድን አፌ ውስጥ ይዤ ልዙር?»

«ቢሞትም ያኝክልዎታል፣ እትዬ።»

እትዬ ከዲጃ ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያም ታካሚው ሁሉ የሚለውን አሉ። «አይ ወይንእሸት! እሷም እንዲህ እያሳቀች ነበር የምታስረዳን። ነፍሷን ይማርና፣ ያ ፍንጭቷ! ያ የጠቆረ ድዷ! ስትስቅ ሕመሙ ይረሳን ነበር።»

ስንዱም ፈገግ አለች፤ ጥርሷን ግን አላሳየችም። ጥርሷ ግጥም ያለ፣ ድዷም ቀይ ነው።

ንጋቱን ስታገባው የቀድሞ ሚስቱ ወይንእሸት ከሞተች ቆይታ ነበር። በሕይወት ያለች ሴት ብትሆን ስንዱ መታገያ መንገዱን ታውቅ ነበር፤ እንዲህ ያለች ሴት ታረጃለች፣ ትወፍራለች፣ አንድ ቀን ክፉ ትናገራለች። የሞተች ሴት ግን እንደሳቀች ትቀራለች። ይበልጥ የሚያንገበግባት ደግሞ ንጋቱ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያይ ውሎ የእሷን አፍ አለማየቱ ነበር፤ ሲያወራት እንኳ ዓይኑ ግንባሯ ላይ ነው። ጓዳው መደርደሪያ ላይ የታካሚዎች ጥርስ የጀሶ ቅርጾች በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው ተደርድረዋል፤ ከላይ ብቻውን የተቀመጠ አንድ አለ። አቧራ ልታራግፍ ብታነሳው፣ ንጋቱ የተኛ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው ከእጇ ወሰደው።

«እሱን ተይው፤ የወይንእሸት ነው።»

ከዚያ ወዲህ በእንቅልፏ ጥርሷን ታፋጭ ጀመር። ጠዋት መንጋጋዋ ይቆረጥማታል፤ ሻይ ስትጠጣ ጥርሷ ይበርዳታል። አንድ ቀን ንጋቱ ወንበሩ ላይ አስተኝቶ መብራቱን አበራባትና ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን አየ።

«የጥርስሽ የላይ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ እየተፋቀ ነው። ማታ ማታ ጥርስሽ ላይ የምታደርጊው ፕላስቲክ እሠራልሻለሁ። ምንድነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ?»

እንዳለ የጥርሷን ልኬት የሚወስድበትን ሊጥ አፏ ውስጥ ሞላው።

ከልኬቱ የወጣውን የእሷን ጀሶ በፋሻ ጠቅልሎ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከወይንእሸት ጎን አስቀመጠው። ስንዱ በገባች በወጣች ቁጥር ሁለቱን ጎን ለጎን ታያቸዋለች፤ ከፋሻው ሥር የሚሳሳቁ ይመስላታል። አንድ ቀን ንጋቱ ለምሳ ሲወጣ ታግሣ ታግሣ አልሆነላትም። የወይንእሸት ነው ያለችውን አንስታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ያቺን ፍንጭት ላለማየት ፋሻውን ሳትፈታ፣ በትንሿ መዶሻ ደጋግማ መታችው። ስትፈታው የወጡት ስብርባሪዎች ግጥም ያሉ ጥርሶች ነበሩ። የሰበረችው የራሷን ነበር።

መናገር ነበረባት። ግን የራሴን ሰበርኩ ብትል ምን ልትሰብር እንደነበር መናገሯ ነው። ስብርባሪውን ጠርጋ ጣለችው። ንጋቱም አልጠየቀም፤ በማግስቱ መስተዋት የመሰለውን ፕላስቲክ በመዳፉ ይዞ መጣ። ስታደርገው የፊት ጥርሶቿን ወዲያና ወዲህ እንደሚገፋ ጣት ሆነባት።

«ያጠብቃል» አለችው።

«መጀመሪያ ነው። ጥርስ ቀስ በቀስ ሲገፉት ይሄዳል። የብሬስ ሽቦ የሚያደርጉትን አታዪም?»

የራሷ ተሰብሯልና፣ በወይንእሸት ጀሶ ላይ እንደሠራው በዚያች ደቂቃ ገባት። ሆኖም አገጯን በጣቱ ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ከከንፈሯ ሳይነቅል ቆመ፤ እንዲህ አይቷት አያውቅም። ስንዱ ፕላስቲኩን አላወለቀችም።

ፆሙ ሲገባ በፊት ጥርሶቿ መካከል ያለው ክፍተት ክር ያሳልፍ ነበር፤ ፆሙ ሲጋመስ የብር ጠርዝ የሚያስገባ ሆነ። ቃል ስታወጣ በክፍተቱ ቀጭን ፉጨት ይሾልካል። ለታካሚ ስታስረዳ ተምራቸው የማታውቃቸው ቀልዶች ከአፏ ይወጣሉ፤ ሰዉ ይስቃል፤ እሷም የማን ሳቅ እንደሆነ ሳታውቅ ትስቃለች። ከዚያ ድዷ መጥቆር ጀመረ። የተቆጣ ድድ ቀይ እንደሚሆንና ብሩሽ ሲነካው እንደሚደማ ለስንቱ ነግራለች፤ ይኼ ግን አላመመም፣ አልደማም። በመርፌና በጥላሸት እንደተነቀሰ ከአንዱ ክራንቻ ተነስቶ ወደ ሌላው፣ እርጥብ መሬት ላይ እንደሚሄድ ጥላ ቀስ እያለ ተዘረጋ። ምላሷ ላይ ሁልጊዜ ቅርንፉድ ይሰማታል። ንጋቱ በጊዜ ይገባል፤ ሲያወራት ዓይኑ ግንባሯ ላይ አይደለም። የሚያየው እኔን ነው ወይስ እሷን? በገዛ አፏ ትቀና ጀመር።

እትዬ ከዲጃ ሕክምናቸውን ሊጨርሱ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ያ ረቢ! አንቺ፣ ተነቀስሽ እንዴ?»

«ኧረ አልተነቀስኩም፣ እትዬ።»

«ፍንጭትም አውጥተሻል! በአላህ፣ ቁርጥ ወይንእሸትን!»

ስንዱ ኩራትም ንዴትም አንድ ላይ መጣባት። «እሷስ አብሯት የተፈጠረ ነው። እኔ ምን አለኝ?»

«የቱ አብሯት የተፈጠረ? ሙሽራ ሆና ስትመጣ እኔ አልነበርኩም? ጥርሷ እንዳንቺው ግጥም ያለ፣ ድዷም ቀይ ነበር። ያማረባት እዚህ ቤት ከገባች ወዲህ ነው። ጥርሷን ስታፋጭ ማታ የሚደረገውን ያንን ነገር ሠራላት፤ ከዚያ በኋላ ነው።»

የጓዳው ሞረድ ቆመ። ስንዱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሷን ደግሞ ምን አስጨነቃት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። በሞተ ሰው አይቀናም ስላት ታለቅስ ነበር።»

እትዬ ከዲጃ ሲሄዱ ቀኑ መሽቶ፣ ጉሙ ተመልሶ መስኮቱ ላይ ተኝቶ ነበር። ስንዱ ፕላስቲኩን ከሣጥኑ አውጥታ ያዘችው። መስበር ቀላል ነው፤ መዶሻዋ እዚያው ናት። ከሰበረችው ጥርሷ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያልያዙት ጥርስ ይመለሳልና። የንጋቱም ዓይን ወደ ግንባሯ ይመለሳል። እጇ ላይ እያገላበጠችው ሳለ ንጋቱ ነጭ ጀሶ በክንዱ ላይ እንደደረቀ ከጓዳው ወጣ፤ በሩን ተደግፎ፣ ከረጅም መንገድ የመጣ ዘመድ እንዳየ ሰው ዓይኑ እንባ አቅርሮ አፏን አየ።

«እልፍነሽ» አላት በቀስታ።

በዚያ ቤት እንዲህ የሚባል ሰው ሰምታ አታውቅም፤ ወይንእሸት የቀናችባት ሟች ግን ማን እንደነበረች ገባት። ስንዱ «አቤት» አለችና ፕላስቲኩን አደረገችው።