የነጯ ጀልባ ዘንግ

ሟቹ በጀልባ መሥሪያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተደፍቷል፤ አንገቱ ከጆሮው ሥር እስከ ጉሮሮው ተተልትሏል። ደሙ ግድግዳውና የዋንጫ መደርደሪያው ላይ ተረጭቶ ወለሉ ላይ ረግቷል። ከራሱ አጠገብ፣ በማቆሚያዋ ላይ፣ ክንድ የምታክል ነጭ ጀልባ ተቀምጣለች፤ በሪሞት የምትነዳ፣ ውኃውን ነካ ብቻ እያደረገች የምትበር የእሽቅድምድም ጀልባ። ከኋላዋ እየተሽከረከረ የሚገፋት ፕሮፔለር እንደ ምላጭ ተስሏል። ሰውየውን የገደለው ይኸው ፕሮፔለር ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ሳጅኑ የሟቹን ሚስት በካቴና አስሮ ጨርሷል። ሳጅኑ ውኃው ሳይፈላ ሻይ የሚቀዳ ዓይነት ሰው ነው።

«ቀሚሷ በደም ርሷል። ጠዋት ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷል» አላት።

«ላነሳው ብዬ ነው፤ አልነሳ አለኝ» አለች ሚስቲቱ። «አሁን ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ማን ይቀበላቸዋል?»

ደጁ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጀልባዎቹን እሱ ይሠራል፣ ነድቶ ዋንጫ የሚወስደው ግን ሟቹ ነበር። ሌላው ሁልጊዜ ሁለተኛ ስለሚወጣ «ጭራ» የሚሉት ተወዳዳሪ ነው።

«ትጠላው ነበር?» አለችው መርማሪዋ ጭራን።

«ባለፈው ውድድር ጥርሱን አውልቄዋለሁ፤ ምን እደብቅዎታለሁ! ግን የሞተ ሰው ማሸነፍ ምን ክብር አለው?»

«አንተስ?»

«ጋሼ አባቴም እናቴም ነበር» አለ ወንድምየው። «ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጀልባዋን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ቀጭን ዘንግ ሳብ አድርጋ አወጣችና ሁሉንም ወደ ውስጥ ጠራች።

«ባትሪው ተነቅሏል። ጉሮሮው የተቆረጠ ሰው ባትሪ አይነቅልም» አለች።

«ሚስቱ ነቅላው ይሆናላ!» አለ ሳጅኑ።

«ይሁን። ግራሶውስ? እነዚህ ሰዎች ጀልባ ባስነሱ ቁጥር ዘንጉን አውጥተው ግራሶ ይቀቡታል፤ አለዚያ ይዝጋል። ይኸው እይ፤ ደሙ ከሥር፣ ግራሶው ከላይ። የተቀባው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው።»

«እኔማ ያቺን ጀልባ እሳት ቢበላት ደስታዬ ነበር» አለች ሚስቲቱ።

«እኔም እንድትዝግ ስለት ብሳል ነው እንጂ!» አለ ጭራ።

«አዎ፤ ጠላት የጠላቱን ጀልባ አይቀባም። የቀባት ነገ ሊነዳት ያሰበ፣ የሚሳሳላት ሰው ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንገቱን ይዘህ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር ላይ ደፈቅከው። ልብስህን ቀየርክ፤ ልማድህን ግን አልቀየርክም። ወንድምህ እግርህ ሥር ደሙ እየፈሰሰ፣ አንተ ብረት እንዳይዝግ ሰጋህ!»

ወንድምየው እጁን ሳያውቀው ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እኔ ነኝ የሠራኋት!» ብሎ ጮኸ። «በነገው ውድድር አንዴ ብቻ ልንዳት ብዬ ለመንኩት። ‹አንተ ሙጫህን አሽት› ብሎ ሳቀብኝ!»

መዶሻ መንትፎ ወደ መርማሪዋ ሰነዘረ። ጎንበስ ስትል መዶሻው ግድግዳውን ቦደሰው። ጭራ ከኋላ አንቆ ወለሉ ላይ ጣለው፤ አፍንጫው ተሰበረና ደሙ ከወንድሙ ደም ጋር ተደባለቀ። ሳጅኑ አፍሮ ካቴናውን ከሚስቲቱ ፈታና ለወንድምየው አጠለቀለት።

ሚስቲቱ እጇን አሻሸች። ጀልባዋን ብድግ አድርጋ ከወለሉ ጋር ፈጠፈጠቻት። መርማሪዋ ዘንጉን ከነፕሮፔለሩ በከረጢት ከትታ ስለነበር አልከለከለቻትም። ሚስቲቱ ቀሚሷን ልትቀይርና ልጆቿን ልትቀበል ወጣች።

ወንድምየው ፍርስራሿን አየ። ገና ያን ጊዜ አለቀሰ።